ቢላዋ የማስጣል ትምህርት

ባለፈው ወር ከጀሞ ወደ መካኒሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከቦርሳቸው ትንሽ ቀይ ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኗን በጥፍራቸው ፈንቅለው የእጃቸውን አንጓ ማሸት ሲጀምሩ ታክሲው በዚያ ዓይን በሚያስነባ የቻይና ቅባት ሽታ ተሞላ። ከኋላ አንድ ሰው መስኮት እንዲከፈት ጠየቀ። መስኮቱ ጋ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ግን አልከፈትኩም። መውረጃዬንም አልፌ ሄድኩ።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መካኒሳ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ያለ ግቢ ተከራይተን አባዬ፣ እማዬና እኔ እንኖር ነበር። አባዬ ቀን ቀን በርና መስኮት የሚሠራበት፣ እዚያው ግቢያችን ጎን የብየዳ ቤት ነበረው። ከሥራ መልስ ደግሞ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ውሹ ያስተምራል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ማስተር ታደሰ» ነበር የሚለው። የሚያስተምረውን ግን ካራቴ ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም።

«ካራቴ የጃፓን ነው» ይላል። «የኛ የቻይና ነው።»

«የኛ» ስለሚል የአባዬ ዘመዶች ቻይና ያሉ ይመስለኝ ነበር። ሆሳዕና ያለችው አያቴ ስልክ ደውላ በሀዲይኛ ስታወራው ቻይንኛ ማለት ይኼ ነው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ ተናግሬያለሁ። ጥቂት ቃላትም አስተምሬያቸዋለሁ።

አዳራሹ የእድሩ ወንበርና ትልልቅ ድስት የሚቀመጥበት፣ የሲሚንቶ ወለሉ የተሰነጠቀ፣ ሁልጊዜ የላብና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ ያለው ነበር። ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንዱ ሰልጣኝ የሳለው ዘንዶ አለ፤ ፊቱ ግን ለአህያ ይቀርባል። ልምምድ ሲጀመርና ሲያልቅ ሁሉም ወደዚያ ግድግዳ ዞረው ጎንበስ ይላሉ። እማዬ ይህን አትወደውም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንዳንዶች ነገሩን አንስተውባት ስለነበር «ለማን ነው የምትሰግዱት?» ብላ ትጠይቀዋለች። አባዬ «ለግድግዳው ነው አስቴር፣ ሰላም ማለት ነው» ይላታል። እኔ ግን እንዳይቆጠርብኝ፣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር በልቤ ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

ከሰልጣኞቹ ሁሉ አባዬ የሚኮራው በከድር ነበር። ከድር የእትዬ ሰሚራ ልጅ ነው። እትዬ ሰሚራ ከግቢያችን ትይዩ ሱቅ ነበራቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ይዘው የቀሩት እሳቸውና ከድር ናቸው። ከድር ያን ጊዜ አስራ አንደኛ ክፍል ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ቀን ሳያጓድል ሰልጥኗል። በየማለዳው ጎህ ሳይቀድ ለሱቁ የሚሆን ዳቦ ከዳቦ ቤት የሚያመጣው እሱ ነበር፤ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሮጠ ስለሚመለስ ዳቦው ሲደርስ ገና ትኩስ ነው።

የቀበቶ ፈተና በሚኖርበት ቅዳሜ ወላጆች አዳራሹ ውስጥ በእድሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ሁልጊዜ «ቢላዋ ማስጣል» ነው፤ ሁልጊዜም የሚሠራው ከድር ነው። አጥቂ የሚሆነው ልጅ ከእንጨት የተጠረበ ቢላዋ ይዞ እየጮኸ ይመጣና ወደ ሆዱ አንድ ጊዜ ይሰነዝራል። ከሰነዘረ በኋላ ክንዱን አይመልስም፤ እንደተዘረጋ ይቆያል። ከድር ወደ ጎን ዞር ይላል፣ አንጓውን ይይዛል፣ ይጠመዝዛል። ቢላዋው ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ቀጭ ይላል። ወላጆች ያጨበጭባሉ። እኔ ያንን የእንጨት ድምፅ ከጭብጨባው ይበልጥ እወደው ነበር።

አባዬ ሰው ሲመታ ግን አይቼ አላውቅም። በዚያው ዓመት በጋው ላይ መካኒሳ ታክሲ ስንሳፈር ረዳቱ «ልጅቷን እቀፋት» አለው። አባዬ «ትልቅ ልጅ ናት፣ ወንበር ትይዛለች» አለ። ተነጋገሩ። ረዳቱ ደረቱን ሲገፈትረው አባዬ ወደ ኋላ ሄዶ ከታክሲው በር ጋር ተጋጨ። ሰው ሁሉ ያያል። አባዬ ኮቱን አራገፈ፤ እጄን ያዘኝና በእግር ሄድን።

«ለምን አልመታኸውም?» አልኩት።

ትንሽ ከሄድን በኋላ «እኔ ከመታሁት አይነሳም» አለኝ።

አመንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ ባየሁት ቁጥር ከሞት የተረፈ መሆኑን የማያውቅ ሰው መስሎ ያሳዝነኝ ነበር።

ክረምቱ እንደገባ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ አንድ ማለዳ የግቢያችን በር ተደበደበ። ገና ከአልጋ አልወረድኩም። አንድ ሰው «ማስተር፣ ከድርን ወግተውታል» ሲል ሰማሁ። አባዬ በነጠላ ጫማ ሮጠ። እማዬ ሻርፕዋን ገልብጣ ለብሳ ተከተለችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። እትዬ ሰሚራ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጭቃው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለት ሴቶች በብብታቸው ይዘው ሊያነሷቸው ይሞክራሉ፤ እሳቸው ግን አይነሱም።

ወሬውን ያወቅነው እየቆየ ነው። ከድር ዳቦውን ይዞ ሲመለስ ዳቦ ቤቱ መንገድ ላይ ካለው ድልድይ አለፍ ብሎ ሦስት ልጆች አስቁመውታል። ስልኩን ጠይቀውታል። አንዱ ሰንጢ አውጥቷል። ከድር ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ አባዬ እንዳስተማረው ቆሟል። መንገድ የሚጠርጉ ሴቶች ናቸው ጮኸው ያስጣሉት።

እማዬ ስትመለስ «ሌቦቹስ ሞቱ?» አልኳት።

አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። «ምን አልሽ?»

«ከድር ገደላቸው ወይ?»

 ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት መፋቅ ጀመረች። ጭቃው ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረበት።

ከድር ሆዱ ላይም ክንዱ ላይም ተወግቷል። የሆዱ ቁስል በአላህ ፈቃድ ጥልቅ አይደለም ተባለ። ቀኝ እጁን ግን ሰንጢው አንጓው ላይ አግኝቶታል፤ ትልልቆቹ ሲያወሩ «ጅማቱ ተቆርጧል» ይላሉ። እኔ የማውቀው ጅማት ከሥጋ ውስጥ ተፍተን ሳህን ጫፍ ላይ የምናስቀምጠውን ነበር። እንኳን ወጣለት ብዬ አሰብኩ።

ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ አባዬን ተከትዬ ሄድኩ። ልጅ አይገባም ቢባልም የኮቱን ጫፍ ይዤ ከጎኑ ተለጥፌ ገባሁ። ከድር መስኮቱ ሥር ተኝቷል። ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ሰሚራ አልጋው ግርጌ ቁጭ ብለው እግሩን ያሻሉ።

«ማስተር» አለ።

«አቤት ከድሬ።»

«የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

አባዬ አልገባውም። «ምኑን?»

«እንዳስተማሩኝ ነው ያደረግኩት። ወደ ጎን ዞርኩ። እጁን ያዝኩት። ይዤው ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ነጠቀኝና ደግሞ ወጋኝ። አልቆመም። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

 እናትየው እግሩን ማሸት አቁመው ቀና አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች በሽተኞችና ጠያቂዎቻቸው ሳይቀሩ የሚሰሙ መሰለኝ።

«ዘግይተህ ይሆናል» አለ አባዬ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አውራ ጣትህም... አያያዙ ላይ አውራ ጣትህ ወደ ላይ ወጥቶ ይሆናል። ስትድን እናስተካክለዋለን።»

ከድር ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ተፈታ። «አውራ ጣቴ ነው» አላቸው እናቱን። «ትንሽ ነገር ናት አላልኩሽም?»

እኔም ደስ አለኝ። ስንወጣ ዝናብ ነበር። አባዬ ታክሲ ሳይዝ በዝናቡ ውስጥ መሄድ ጀመረ፤ እኔ ቀና ብዬ «አውራ ጣቱ ባይወጣ ኖሮ ያሸንፋቸው ነበር አይደል?» ስለው እርምጃውን አፈጠነ።

ከድር ወደ ቤት የተመለሰው ክረምቱ ሲበረታ ነው። የሚተኛው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነበር፤ በካርቶንና በሳሙና ክምር መሃል። አባዬ ያንን የቻይና ቅባት በቀይ ቆርቆሮ ገዝቶ ላከለት፤ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ክንዱን ጠዋትና ማታ እንዲያሸው። እማዬ ሾርባ በሠራች ቁጥር የምትልከው በእኔ ነው። ክፍሏ ስገባ ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኛል። ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጮክ ካላልን አንሰማማም።

አንድ ቀን ሾርባውን ጠጥቶ ሲጨርስ «ሊዱ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለኝ። ሊዲያን አሳጥሮ ነው። ከግድግዳው ላይ የእናቱን የእንጨት ማማሰያ አወረደና ሰጠኝ። «አንቺ ሌባ ሁኚ። እኔ አውራ ጣቴን ላስተካክል።»

የቀኝ እጁ ጣቶች ገና አልታዘዝ ብለውት ነበር። በግራው ነው የሚለማመደው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግራ እጁን ዘረጋ። እኔ ልክ አዳራሹ ውስጥ እንዳየሁት እየጮህኩ መጣሁ፤ አንድ ጊዜ ሰነዘርኩና ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። ያዘኝ፣ ጠመዘዘኝ፣ ማማሰያው ወደቀ። ሳቀ፤ አፉን በእጁ ሸፈነ።

«እንደሱ አይደለም ያደረጉኝ» አለ በኋላ። «አንቺ ዝም ብለሽ ውጊ። አትጠብቂኝ።»

አልጠበቅኩትም። በፍጥነት ሆዱን ነካሁት። ሊይዘኝ ሲል እጄን ሳብኩና ጎኑን ነካሁት፤ ደግሞ ክንዱን። ለልጅ ጨዋታ ነው። እየሳቅኩ ነበር። እሱ እየሳቀ አልነበረም። «ደግሞ» ይላል፣ «ደግሞ።» እየደጋገምን ሠራን። አንዳንዴ ይይዘኛል፤ ግን እስኪይዘኝ ብዙ ነክቼዋለሁ። በመጨረሻ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኖ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሕመሙ ነው» አለኝ። «ደካማ ስለሆንኩ ነው። ነገ እንቀጥላለን።»

ከሌቦቹ ጋር ያለው ጉዳይ ገና እንዳላለቀ ነበር የሚያወራው። ሲድን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድልድይ ሊመላለስ አስቧል። «እነሱም ያው እዚያ ናቸው» ይላል። «አሁን ስህተቴን አውቄዋለሁ።»

ማማሰያውን ይዤ ብዙ ቀን ተመላለስኩ። እየተሻለው ሲሄድ ቆሞ ይለማመዳል። እኔም እየደጋገምኩ ነካሁት። አንዳንዴ አሳዝኖኝ ሆን ብዬ እዘገያለሁ፤ ያን ጊዜ ይይዘኝና ደስ ይለዋል።

አንድ ምሽት እራት ላይ ይህንኑ እንደዋዛ ተናገርኩ። «ከድርን ሁልጊዜ እወጋዋለሁ» አልኩ።

እማዬ «በስመ አብ፣ ምን ዓይነት ንግግር ነው?» አለች።

«በማማሰያ ነው። አውራ ጣቱን እያስተካከለ ነው። ግን አይዘኝም። ሲድን ድልድዩ ጋ ሊጠብቃቸው ነው።»

አባዬ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ እንደነበር ጠዋት እማዬ ስትነግረው ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል አባዬ ነጩን የማስተማሪያ ልብሱን ለብሶ ወደ ግቢው ወጣ። እማዬ ከቤታችን ደጃፍ ልብስ ታጥባለች። ከማንደጃው አንድ ፍም ያልሆነ ከሰል መርጦ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ነይ ውጊኝ» አለ። «እንዳስተማርኩት አይደለም። እንደፈለግሽ።»

መጀመሪያ ፈራሁ። አባዬ እኮ ነው፤ ከመታ ሰው የማይነሳበት አባዬ። ቀረብ ብዬ ሆዱን ነካ አደረግኩትና ሸሸሁ። ነጩ ልብስ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ። «ደግሞ» አለ። ገባሁ፣ ወጣሁ። እጄን ሊይዝ ሲሰነዝር ክንዱ ላይ ከሰሉ መስመር አሰመረ። እየተለማመድኩ መጣሁና መሯሯጥ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ አንጓዬን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። ሊጠመዝዘኝ ሲል ከሰሉን ወደ ግራ እጄ አቀበልኩና አንገቱ ሥር ነካሁት።

ለቀቀኝ።

«ማነው እጅ ቀይሪ ያለሽ?»

«ማንም።»

ወደ ልብሱ ዝቅ ብሎ አየ። ደረቱ፣ ሆዱ፣ ሁለቱም ክንዶቹ፣ ጎኑ ተበክሏል። እማዬ እጇን ሳሙናው ውሃ ውስጥ እንደከተተች ቀና ብላ ታየዋለች። ልብሱን ያበላሸሁበት መስሎኝ «እማዬ ታጥበዋለች» አልኩት። ልብስ የምናሰጣበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።  ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ ደቃቃዋ እኔ ነበርኩ።

ልብሱን ሳይቀይር ተነሳ። እኔንም ጠራኝ። መንገዱን ተሻግረን በሱቁ በኩል ገባን። እትዬ ሰሚራ ዱቄት ይመዝኑ ነበር፤ ልብሱን ሲያዩ ሚዛኑን ተዉት።

ከድር አልጋው ላይ ተቀምጧል። አባዬ ፊቱ ቆመ።

«ይኼን ልጄ ናት ያደረገችው» አለ። «በከሰል። በርትቼ ስከላከላት ነው።»

ከድር እኔንም እሱንም አየ።

«አልዘገየህም ከድር። አውራ ጣትህም አይደለም። የነገርኩህ ውሸት ነው። ሰንጢ የያዘ ሰው አንድ ጊዜ ወግቶ አይቆምም። ያስተማርኩህ ነገር ከእሱ አያድንም። እኔንም አያድነኝም።»

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ከድር የፋሻውን ጫፍ በግራ እጁ ይፈትል ነበር።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ነበር የተማርኩት?»

«መቆም» አለ አባዬ። «መተንፈስ። ሰውነትህን ማዘዝ። ለጤና ጥሩ ነው፣ ለዓይንም ያምራል። ለዚህ ግን...»

«ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

«አላውቅም ነበር። ተጣልቼ አላውቅም። ያስተማረኝም ሰው ተጣልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የወረስኩትን ነው ያወረስኩህ።»

«ሆስፒታል ውስጥስ?»

 ከድር ቀስ ብሎ ተጋደመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  አባዬ ትከሻውን ሊነካው እጁን ዘረጋና ሳይነካው መለሰ።

ወደ ቤት ስንሻገር «ያ ረዳት የገፈተረህ ቀንስ?» አልኩት። ገና ያልገባኝ ነገር ስለነበር ነው የጠየቅኩት።

«ፈርቼ ነው» አለኝ።

በማግስቱ እትዬ ሰሚራ መጡ። እማዬ ቁጭ በሉ ብትላቸውም በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። «ጋሽ ታደሰ» አሉት። «ልጄ እስከ ትናንት ድረስ ተስፋ ነበረው። ጠዋት ሲነሳ የሚሠራው ነገር ነበረው። አሁን በሩ ሲንኳኳ ይደነግጣል። እኔ ወደ ጓዳ ስገባ እንኳ የት ልትሄጂ ነው ይለኛል። እውነት ነው የነገርከው፣ አልቀየምህም። ግን በምትኩ ምን ትተህለት ሄድክ?»

እማዬ ማልቀስ ጀመረች። አባዬ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ሰሚራ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ሰልጣኞቹን አስቀምጦ ለሁሉም ነገራቸው። ቢላዋ ማስጣል ከዛሬ ጀምሮ እንደቀረ፣ ሰው በስለት ሲመጣባቸው የያዙትን ሰጥተው እንዲሮጡ። ትንንሾቹ ሳቁ። የሚቀልድ መስሏቸዋል። ትልልቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መሮጥ ለመማር የሚመጣ ማን አለ? በሳምንታት ውስጥ ግማሾቹ ጀሞ ወዳለ ሌላ ክለብ ሄዱ፤ እዚያ ሸክላ በግንባር ያሰብራሉ ተባለ። አንድ አባት መጥቶ «ልጄን የላክሁት መሸሽ እንዲማር አይደለም» አለው። አባዬ «ይገባኛል» አለው። ክረምቱ ሳይወጣ አዳራሹን ለእድሩ አስረከበ።

ከድር ከክፍሏ መውጣት አቆመ። ፋሻው ተፈትቶ ጣቶቹ ግማሽ ድረስ ብቻ እንደሚታጠፉ ታወቀ፤ ሐኪሙም ከዚህ በላይ አትጠብቁ ብሏል። እስክሪብቶ መያዝ አይችልም። ሾርባ ይዤለት ስሄድ ይቀበለኛል፣ አመሰግናለሁ ይለኛል፤ ማማሰያውን ግን ማንም አያወርደውም። ዳቦውን የሚያመጡት አሁን እናቱ ናቸው፤ ብቻቸውን፣ በጨለማ፣ በዚያው ድልድይ።

አባዬ ይህን ያወቀው አንድ ማለዳ ከረጢቱን ተሸክመው ሲመለሱ አይቷቸው ነው። በማግስቱ ከእሳቸው ቀድሞ ተነስቶ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ሲወጡ «አብረን እንሂድ» አላቸው። እሳቸው ወደፊት ሄዱ፤ እሱ ከኋላ ተከተለ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን አይነጋገሩም ነበር። በኋላ ከረጢቱን እሱ እንዲሸከም ተዉለት።

«ቢመጡስ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት አንድ ቀን ከመተኛቴ በፊት።

«እንሰጣቸዋለን።»

«ዳቦውንም?»

«ዳቦውንም።»

መጡ። መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ይሁኑ ሌሎች ማንም አላወቀም። አባዬ ስልኩን ሰጠ፣ ኮቱን አውልቆ ሰጠ። እትዬ ሰሚራን ከጀርባው አድርጎ ነበር አሉ። አንደኛው ለመሄድ ሲዞር በጥፊ መታው፤ አባዬ እጁን አላነሳም። ሄዱ። እሱና እትዬ ሰሚራ ዳቦውን ይዘው ተመለሱ።

ወሬው ከረፋዱ በፊት ሰፈሩን አዳረሰው። ማስተር ታደሰ በጥፊ ተመታ፤ ማስተር ታደሰ ኮቱን አውልቆ ለሌባ አለበሰ። የብየዳ ቤቱ በር ላይ ልጆች ቆመው እጃቸውን እያጣመሩ ያሾፉበት ነበር። ለማልቀስ ስላፈርኩ ሾርባ ሳልይዝ ወደ ከድር ክፍል ሮጥኩ።

ከድር ሰምቷል። አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል።

«እውነት ነው?» አለኝ። «እናቴ አጠገባቸው እያለች መታቸው?»

«አዎ።»

«እሳቸውስ ምን አደረጉ?»

«ምንም። ስልኩን በሁለት እጁ ነው የሰጣቸው፤ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ። እትዬ ሰሚራ ናቸው የነገሩን።»

ሱቁ ውስጥ እናቱ ከደንበኛ ጋር ሲያወሩ ይሰማል። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው፤ ስለ ዘይት ነው የሚያወሩት። ከድር ያንን ድምፅ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ጊዜ አዳመጠ።

«እሷን ምንም አልነኳትም?» አለኝ ደግሞ።

«ምንም።»

ቀኝ እጁን አነሳና የማይታጠፉትን ጣቶች አያቸው። ከዚያ ወደ አልጋው ሥር በአገጩ አመለከተኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማውን አወጣሁ፤ ከተወጋበት ቀን ጀምሮ ማንም ስላልነካው የደረቀው ጭቃ ክሩን አጣብቆታል። በጥፍሬ ፍቄ ፈታሁት። ከድር እግሩን አስገባ፤ በግራ እጁ ብቻ ሊያስር ሞከረና አቃተው። መሬት ላይ ተንበርክኬ አሰርኩለት።

ሱቁን አቋርጠን ስንወጣ እትዬ ሰሚራ ዘይት እየቀዱ ነበር። ዘይቱ ከጣሳው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ አላዩትም። ከድር በሩ ላይ ሲደርስ ብርሃኑ አሳመመውና ዓይኑን ጨፈነ። መንገዱ ላይ ሰው ይመላለሳል። ከዚያ ማዶ፣ ብየዳ ቤቱ ውስጥ፣ አባዬ ጀርባውን ሰጥቶን ብረት ይሞርዳል።

«በስንት ሰዓት ነው ለዳቦ የሚሄዱት?» አለኝ።

ነገርኩት።

«እንዲቀሰቅሱኝ ለማስተር ንገሪያቸው» አለ።